የአናጺው አባት

ደብረ ታቦር ያለው የአርበኞች ማኅበር ቅርንጫፍ የገባሁት ጡረታ በወጣሁ በማግስቱ ነው ማለት ይቻላል። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጫካ ገብተው የተዋጉ ሰው ነበሩ። እኔ ግን በሥራ ላይ ሳለሁ ለማኅበር የሚሆን ጊዜ አልነበረኝም። ነርስ ነበርኩ፤ ቀን ተረኛ ሌሊት ተረኛ እያልኩ ዕድሜዬን በሆስፒታል ኮሪደር ጨረስኩት። ጡረታ ስወጣ የማኅበሩ ሊቀመንበር እቤቴ ድረስ መጡና «የአርበኛ የልጅ ልጅ ሆነሽ እቤት መቀመጥሽ ነውር ነው። ደግሞ የደም ግፊት መለኪያሽን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። እኔን ይሁን መለኪያውን ይበልጥ የፈለጉት እስካሁን አላውቅም።

የኛ ማኅበር ውስጥ አሁን የተዋጋ ሰው የለም። አርበኞቹ አንድ በአንድ አልቀው የቀረነው ልጆችና የልጅ ልጆች ነን፤ ልጆቹም ቢሆኑ ምርኩዝ ይዘዋል። ከገበያው ጀርባ የቆርቆሮ በር ያላት አንዲት ክፍል አለችን። ውስጧ አግዳሚ ወንበሮች፣ ባንዲራና ቆዳው የተሰነጣጠቀ አንድ ጋሻ አለ። ከውጭ የሚያየን ሰው በዓመት አንዴ፣ በሚያዝያ ሃያ ሰባት፣ ካኪ ለብሰን ጎፈር ደፍተን ስንፎክር ብቻ ነው የሚያውቀን። ዓመቱን ሙሉ የምንሠራው ግን ሌላ ነው። የአርበኛ ሚስት ስትታመም እንጠይቃለን፤ ስትሞት እንቀብራለን። ክረምት ሲመጣ ችግኝ እንተክላለን። ትምህርት ቤቶች ሲጠሩን ሄደን የምናውቀውን እንናገራለን። እኔ የደም ግፊት እለካለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ያልዋጡትን እቆጣለሁ።

ሊቀመንበራችን ሰማንያን ያለፉ፣ በአስተማሪነትና በትምህርት ቤት ርእሰ መምህርነት የኖሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም «መምህር» ነው የምንላቸው። አባታቸው በጦርነቱ የወደቁት እሳቸው ገና በእናታቸው ሆድ ሳሉ ነው። አባታቸው የነበሩበትን ቦታ ለጠላት መርቶ ያሳየ ባንዳ እንደነበረ እናታቸው ነግረዋቸው ነው ያደጉት። ስለዚህ መምህር በማኅበሩ ውስጥ በአንድ ነገር አይደራደሩም፦ አባል የሚሆን ሰው አባቱ ወይም አያቱ አርበኛ እንደነበሩ የሚመሰክሩ ሦስት ሰዎች ማቅረብ አለበት። እንዲህ ጥብቅ በመሆናቸው የተቀየማቸው ሰው ብዙ ነው። እሳቸው ግን ግድ የላቸውም።

በከተማችን አንድ አናጺ አሉ። በሩንም፣ መስኮቱንም፣ የሬሳ ሳጥኑንም የሚሠሩ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው ሰው ናቸው። የማኅበራችን ሰው በሞተ ቁጥር ሳጥኑን የሚሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ቀብሩ ላይም ሳይጠሩ ይገኛሉ። ወንበሮቻችን ሲወላገዱ መዶሻቸውን ይዘው መጥተው ይመቱልናል። አባል ግን አልነበሩም። ለምን እንዳልሆኑ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አያነሳውም እንጂ። አባታቸው በወረራው ጊዜ እዚሁ ደብረ ታቦር በጣሊያን ምሽግ ውስጥ መጋዘን ጠባቂ ነበሩ። አናጺው ልጅ ሳሉ ትምህርት ቤት «የባንዳ ልጅ» እየተባሉ ነው ያደጉት። ያኔ አስተማሪያቸው የነበሩት ደግሞ መምህር ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ስብሰባ ጨርሰን ልንነሳ ስንል አናጺው ከበሩ አጠገብ ቆመው አየናቸው። ወንበር ሊጠግኑ የመጡ መስሎን ነበር። ባርኔጣቸውን አወለቁና «መምህር፣ አንድ ነገር ልናገር» አሉ።

«ተናገር።»

«አባል መሆን እፈልጋለሁ። እኔም የአርበኛ ልጅ ነኝ።»

ከጎኔ የተቀመጡት፣ በደርግ ጊዜ የመቶ አለቃ የነበሩት አባላችን፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መምህር መነጽራቸውን አውልቀው በካኪያቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ።

«አባትህ የት ይሠራ እንደነበር አገር ያውቃል» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ፣ ምሽግ ውስጥ ነበር። ግን ከዚያው ሆኖ ለአርበኞቹ ጥይት ያወጣ ነበር።»

«ውስጥ አርበኛ ነበር ነው የምትለኝ?»

ውስጥ አርበኛ የሚባለው ከጠላት ጋር እየኖረና እየሠራ፣ በስውር ለአርበኛ ስንቅ፣ ጥይትና ወሬ የሚያቀብል ሰው ነው። እንደዚህ ያሉ ሰዎች በእርግጥ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ተይዘው ተሰቅለዋል። መምህር ግን ቃሉን ሲሰሙ ሁልጊዜ ፊታቸው ይቋጠራል።

«አየህ፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባንዳ የነበረ ሁሉ ውስጥ አርበኛ ነበርኩ ብሏል» አሉ። «ምስክር አለህ?»

«አንድ አለችኝ። በሕይወት ያለችው እሷ ብቻ ናት።»

ነገሩን እዚያው ቆመው አጫወቱን። አባታቸው በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ «ከምሽጉ ለአርበኞች ጥይት አወጣ ነበር፤ እኔ የሠራሁትን ጉና ላይ ያለች አንዲት ሴት ታውቃለች» ብለው ስማቸውንና መንደራቸውን ነግረዋቸው ነበር። አናጺው ያን ጊዜ ሴትዮዋ ሞተዋል ብለው ስላሰቡ ትተውታል። በቅርቡ ግን ለአንድ ቤተ ክርስቲያን በር ሊገጥሙ ወደ ጉና ሲወጡ፣ ሴትዮዋ መንኩሰው፣ እማሆይ ተብለው፣ ዘጠናን አልፈው በሕይወት እንዳሉ ሰሙ።

«ታዲያ ሄደህ አልጠየቅካቸውም?» አልኳቸው በመገረም፣ ሳላስበው «አንተ» ብያቸው።

«ለብቻዬ ብሄድ አስጠንቶ መጣ ትላላችሁ። አብረን እንሂድና እናንተ ጠይቋቸው። እኔ አፌን አልከፍትም።»

መምህር መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ «እሄዳለሁ» አሉ። ሰው ይላካል ብንላቸው፣ ጉናን በዚህ ዕድሜዎ አይችሉትም ብንላቸው አልሰሙንም። «ይህን የምሰማው በራሴ ጆሮ ነው» አሉ። እኔ የሄድኩት እሳቸውን ለመጠበቅ ነው። ግፊታቸው ከሁላችንም የባሰ ነበር።

መንገዱ ክፍት የነበረበት ወቅት ነው። በእነዚህ ዓመታት መንገድ ዛሬ ክፍት ቢሆን ነገ ይዘጋል፤ ክፍት ሲሆን መሄድ ነው እንጂ ቀን መምረጥ የለም። በሚኒባስ ክምር ድንጋይ ድረስ ሄድን፤ ከዚያ ለመምህር በቅሎ ተከራየንና እኔና አናጺው በእግራችን ተከተልን። ገብስ የሚታጨድበት ጊዜ ነበር። ሽቅብ በወጣን ቁጥር ንፋሱ እየበረታ፣ እኔም ነጠላዬን በጋቢ ባለመቀየሬ እየተጸጸትኩ ሄድኩ። ሁለቱ ወንዶች በመንገዱ ሁሉ አንድም ቃል አልተለዋወጡም። አንድ ቁልቁለት ላይ በቅሎዋ ተንሸራተተች፤ አናጺው ሮጠው ልጓሟን ያዙ። መምህር አላመሰገኑም፤ አናጺውም ልጓሙን እስከ መንደሩ አልለቀቁም።

እማሆይ የሚኖሩት ከልጅ ልጃቸው ጋር በአንዲት የሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ነው። የልጅ ልጃቸው ጎልማሳ፣ ባሏ የሞተባት፣ በግና ድንች ይዛ የምትኖር ሴት ናት። ለምን እንደመጣን ሳትጠይቅ አስገባችን፤ የተቀቀለ ድንች በአዋዜና ጠላ አቀረበችልን። እማሆይ ቆባቸውን ደፍተው እሳቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። አንደኛው ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ጆሯቸው ግን ከኔ ይሻላል። ወሬ ለመጀመር ብዬ መለኪያዬን አወጣሁ።

«ክንዴን ለምን ታስሪዋለሽ?»

«ግፊትዎን ልለካ ነው፣ እማሆይ።»

«እና፣ እንዴት ነው?»

«ከእኔ ይሻላል።»

ሳቁ። ጥርስ የላቸውም፤ ሳቃቸው ግን ሙሉ ነበር። ከዚያ ወደ መምህር ዞረው የማን ልጅ እንደሆኑ ጠየቋቸው። መምህር የአባታቸውን ስም ሲነግሯቸው አንገታቸውን ነቀነቁና «ነፍስ ይማር» አሉ። ቀጥለው ወደ አናጺው ዞሩ። አናጺው የአባታቸውን ስም ተናገሩ።

እማሆይ እንጨት ወደ እሳቱ ገፋ አደረጉ።

«ረጅም፣ ቀይ፣ በግራ እጁ የሚሠራ?»

«አዎ። ግራኝ ነበር።»

«አንተም ጠላውን በግራህ ነው የያዝከው» አሉ እማሆይ።

መምህር ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተክለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው የርእሰ መምህር ጥያቄ ነበር፦ ይህን ሰው ያውቁት ነበር ወይ? የት? ምን ሲሠራ? እማሆይ ግን እንደተጠየቁት ሳይሆን እንደመጣላቸው ነው የተናገሩት።

«እኔ ያኔ ገና ያልተዳርኩ ልጅ ነኝ። እናቴ ቅቤ ትንጥ ነበር። በገበያ ቀን ከሴቶቹ ጋር ደብረ ታቦር እወርዳለሁ። እናቴ ቅቤውን ገበያ አትሽጭ፣ በምሽጉ በጓሮ በር ያለው ሰው ይገዛልሻል አለችኝ። ያ ሰው የዚህ አባት ነው። ቅሉን ይዞ ይገባል፣ ቅቤውን ገልብጦ ቅሉን ይመልስልኛል። ሲመልስልኝ ግን ውስጡ ጥይት አለ፤ እንዳይንኳኳ በጥጥ ተጠቅጥቋል፤ ከላይ ጨው ተደርጓል።»

«ጥይት መሆኑን ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ቅል ሲከብድ አላውቅም? ችግሩ ክብደቱ አልነበረም፤ አካሄዱ ነው። ጥቂት ጨው ብቻ ያለበት ቅል እንደያዘች ልጅ መራመድ አለብኝ። ዘበኞቹ ፊት ቅሉን እያወዛወዝኩ ማለፍ አለብኝ። ክንዴ ሊገነጠል ሲል እየሳቅሁ አልፋለሁ። እቤት ስደርስ እናቴ ትቀብረዋለች፤ ሰዎቹ መጥተው ያወጡታል።»

«ስንት ጊዜ?»

«ክረምትና በጋ። አልቆጠርኩትም።»

አናጺውን አየኋቸው። አንድም ጥያቄ አልጠየቁም፣ እንዳሉት፤ እንባቸው ግን በጉንጫቸው እየወረደ ነበር። መምህር አንገታቸውን ደፍተዋል። እኔ ነገሩ ያበቃ መስሎኝ መለኪያዬን ወደ ቦርሳዬ መመለስ ጀመርኩ።

«አልጨረስኩም» አሉ እማሆይ።

ከዚያ የተናገሩትን ስናገር አሁንም ይከብደኛል። በሌላ ዓመት፣ ልክ እንዲህ ገብስ በሚታጨድበት ወቅት፣ የጣሊያን ወታደር ወደ መንደሩ ወጣ። ፊት ፊት እየመራ የመጣው ያው ሰው ነው።

«በዓይኔ አይቼዋለሁ» አሉ። «የአጎቴን ቤት በእጁ አሳያቸው። በግራ እጁ። አጎቴ ታሞ ተኝቶ ነበር፤ ከነቤቱ ተቃጠለ። ጥይቱ የተቀበረው እናቴ ቤት ነው፤ የእናቴን ቤት ያውቃል፤ ግን አልፎት ሄደ። እኔን አየኝ። አየኝና ፊቱን አዞረ።»

«አስገድደውት ነው?» አሉ መምህር። ድምፃቸው ተለውጧል።

«አላውቅም። አስገድደውት ይሁን፣ እኛን ለማዳን ይሁን፣ የራሱን ነፍስ ለማትረፍ ይሁን፣ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ግን እናቴ እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ ጨው ጭኖ ይመጣ ነበር። እደጅ አራግፎ፣ ቆሞ ይጠብቃል። እናቴ አትናገረውም፤ አትሰድበውም። ጨዉን ተቀብላ ለከብቶቹ ትሰጣለች። እሱም ተመልሶ ይሄዳል።»

አናጺው ተነሱ። ወደ እማሆይ እግር ሊጠጉ፣ ሊወድቁ ፈለጉ መሰለኝ። እማሆይ በእጃቸው ከለከሏቸው።

«ምን ያስነሳሃል? ቁጭ በል። ድንችህን ጨርስ።»

አናጺው ቁጭ አሉ። ድንቹንም በሉ። ሁላችንም በላን።

ስንመለስ ቁልቁለቱን ወረድን። ክምር ድንጋይ ሚኒባስ ስንጠብቅ አናጺው ራቅ ብለው ለብቻቸው ቆሙ። መምህር ምርኩዛቸውን ይዘው አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ከዚያ ቅል የወጣ ጥይት አባቴ እጅ ገብቶ ሊሆን ይችላል» አሉኝ፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። «አባቴን መርቶ ያስገደለውም እሱ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ይቻላል። በምን አውቃለሁ?»

በግፊታቸው ሰበብ እጃቸውን ያዝኩ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ቀን አናጺው ቀድመው መጥተው ከበር ጠበቁኝ። «የሰማሽውን አንቺ ንገሪያቸው» አሉኝ። «ሁሉንም ንገሪያቸው። እኔን አዝነሽልኝ ግማሹን እንዳትተይው።» እንዳሉኝ አደረግሁ። ስለ ቅሉም ስለ ቤቱም፣ ስለ ጨዉም ተናገርኩ። አናጺው ጥግ ላይ ቆመው ሰሙ።

ከዚያ ክርክር ሆነ። መቶ አለቃው «ግማሽ አርበኛ የሚባል ነገር የለም። ወይ ነው፣ ወይ አይደለም» አሉ። ሌላው «በነፍሱ ተወራርዶ ጥይት ያወጣን ሰው እንዴት አይደለም እንላለን?» አሉ። አንዷ የአርበኛ ልጅ ተነስተው «ከተቃጠለው ቤት የተረፈ ዘመድ ቢኖር ምን ይለን ይሆን?» ብለው ጠየቁ። ድምፁ እየጨመረ ሄደ፤ አንዱ አንዱን ማቋረጥ ጀመረ። አናጺው ያኔ እጃቸውን አወጡና «ስለኔ አትጣሉ። ምስክሬን አቅርቤያለሁ፤ ምስክሬም እውነቷን ተናግራለች። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም» ብለው ወጡ።

መምህር ነገሩ ይደር አሉ። እሳቸው አንድን ነገር ይደር ሲሉ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት።

ልንበተን ስንል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ እስካሁን ለምን እንዳልታየን እያሰብኩ እጄን አወጣሁ።

«ቅሉን የተሸከሙት ማን ናቸው?» አልኩ።

«እንዴት?» አሉ መቶ አለቃው።

«ስለ አናጺው አባት እንከራከራለን። በዘበኛ ፊት ጥይት ተሸክመው ያለፉት ግን እማሆይ ናቸው። ምስክር ብለን ሄድን እንጂ አርበኛዋ እሳቸው አይደሉም?»

ተያየን። መምህር ተቀምጠው ነበር፤ ተነሱ። የኛ ማኅበር የተዋጋ ሰው አልቆበታል እያለ በየዓመቱ ሲያዝን፣ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ላይ አንዲት አርበኛ በሕይወት ነበሩ፤ ያየናቸውም ስለ ሌላ ሰው ልንጠይቃቸው ሄደን ነው። እማሆይ በአርበኝነት ይመዝገቡ ሲባል ያን ቀን አንድም የተቃወመ ሰው አልነበረም።

ለእማሆይ ካባ አሰፋን። ልንወስድላቸው ስንዘጋጅ አናጺው ሰምተው መጡ። «የጎጆው ጣራ ያፈሳል፤ ያን ቀን ቀና ብዬ አይቼዋለሁ» አሉ። «ወራጅ እንጨቶቹ በስብሰዋል። ክረምት ሳይገባ መቀየር አለባቸው። እንጨቱን እኔ አዘጋጃለሁ፤ ከፈቀዳችሁ አብሬ ልሂድ።» መምህር ቀና ብለው አይተዋቸው «ፈቃድ የሚሰጡት የቤቱ ባለቤት ናቸው። ሄደህ እሳቸውን ጠይቅ» አሉ።

እማሆይ ፈቀዱ። ቆርቆሮ ይሁንልዎ ስንላቸው ግን አሻፈረኝ አሉ። «ዝናብ ሲመታው ዳዊቴን አያስደግመኝም» አሉ። ስለዚህ የመንደሩ ወንዶች ጓሳ የሚባለውን ሣር አጭደው አመጡ፤ አናጺው የበሰበሰውን ወራጅ እያወጡ አዲሱን ሲያስገቡ ዋሉ። የኛ አባላት ሣር አቀበሉ፤ መቶ አለቃው መሰላል ያዙ። እኔ የመንደሩን ሰው ሁሉ ግፊት ስለካ ዋልኩ፤ ለካስ ጉና ላይም ጨው ይበዛል። እማሆይ አዲሱን ካባ በነጠላቸው ላይ ደርበው ከደጅ ተቀምጠው ያዝዙ ነበር፤ ያኛው ተንጋደደ፣ ይኼኛው ሳሳ እያሉ።

«ይኼ ልብስ ብርድ ይችላል?» አሉኝ ካባውን እየዳበሱ።

«አይችልም፣ እማሆይ። ለክብር ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ለበዓል ይሁን» አሉና አውልቀው ለልጅ ልጃቸው ሰጡ።

ከሰዓት በኋላ ሥራው ሊያልቅ ሲል አናጺው ከጣራው ወርደው እማሆይ አጠገብ ተቀመጡ። ብዙ ቆዩ። ምን እንዳወሩ አልሰማሁም፤ ራቅ ብዬ ነበር። ያየሁት እማሆይ ሲናገሩ፣ አናጺው አንገታቸውን ደፍተው ሲሰሙ፣ በኋላም እማሆይ የአንገታቸውን መስቀል ዘርግተው አናጺው ሲሳለሙ ነው። ቁልቁል ስንወርድ ጠየቅኋቸው።

«ስለ አጎታቸው አጫወቱኝ» አሉ። «ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ። በገና ይደረድሩ ነበር አሉ።»

እማሆይ በተከታዩ ክረምት አረፉ። የልጅ ልጃቸው ስልክ ደወለች። በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ዶፍ አናጺው የሠሩትን ሳጥን በሚኒባስ ጣራ ላይ ጭነን ወጣን። መምህር ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ክምር ድንጋይ ሲደርሱ መቀጠል አልቻሉም፤ ባንዲራውን አጣጥፈው በሁለት እጃቸው ሰጡኝና «እርጥብ መሬት እንዳይነካ» አሉኝ። ሳጥኑ ላይ አለበስነው። ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ። ከኛ አንዱ በዝናቡ ውስጥ ፎከሩ፤ ድምፃቸውን ንፋሱ እየወሰደባቸው ነበር፤ እስከ መጨረሻው ግን አላቋረጡም። ሳጥኑ ሲነሳ ልጅ ልጃቸው ዙሪያዋን አየችና አናጺውን ጠራቻቸው። «ኑ፣ አንቱም ያዙ» አለቻቸው። ከዘመዶቹ ጋር ሆነው ተሸከሙ። የመንደሩ ሰው የማን ልጅ እንደሆኑ ያውቅ ነበር። አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን አዞሩ፤ ሌሎቹ ግን ቦታ ለቀቁላቸው።

ክምር ድንጋይ ስንመለስ መምህር በአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። የሻይ ቤቱ ሰዎች እግራቸውን በብርድ ልብስ ሸፍነውላቸዋል። እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁን። ከዚያ አናጺውን ወንበር ሳብ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጡ።

«ጥያቄህን እንደገና አምጣው» አሉ። «እኔ እደግፍሃለሁ።»

አናጺው ሻያቸውን በግራ እጃቸው እያማሰሉ ቆዩ። «አይ፣ መምህር። ይቅር» አሉ።

«ለምን? ተቀይመኸናል?»

«አልተቀየምኩም። ያኔ የጠየቅሁት አባቴ አንድ ነገር ብቻ ይመስለኝ ስለነበር ነው። ሰው አንዱን ሲለኝ፣ እኔ ሌላውን ነው ማለት ፈለግሁ። አሁን የአርበኛ ልጅ ነኝ ብል የተቃጠለውን ሰውዬ እንደመካድ ነው። መምጣቴን አልተውም። ስሙ ግን ይቅርብኝ።»

መምህር «እንደወደድክ» አሉ። ለአናጺው ሌላ ሻይ አዘዙላቸው።

እንዳሉትም መምጣታቸውን አልተዉም። ችግኝ ስንተክል ይመጣሉ፤ ለቅሶ ስንሄድ ይመጣሉ። ሚያዝያ ሃያ ሰባት ስንሰለፍ ከሕዝቡ ጋር ቆመው ያዩናል። ዘንድሮ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠርቶን መምህርና እኔ ስንሄድ መምህር «አንተም ና» አሏቸው። አናጺው እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር፤ መጡ።

ተማሪዎቹ በሰልፍ ሜዳው ላይ ተቀምጠዋል። መምህር ስለ አባታቸው ተናገሩ፤ እኔ ስለ አያቴ ተናገርኩ። ከዚያ አንዲት ተማሪ ተነሳችና ጥግ ላይ ወደተቀመጡት አናጺ እያየች «የእርስዎስ አባት አርበኛ ነበሩ?» ብላ ጠየቀች። እኔ ደነገጥኩ፤ ልመልስላቸውም አሰብኩ። አናጺው ግን ተነስተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከቅቤው ቅል ጀምረው፣ እስከ ቤቱ፣ እስከ ጨዉ፣ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ ነገሯቸው። ያንን ያህል ተማሪ እንዲያ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ አይቼ አላውቅም። ሲጨርሱ ልጅቷ አልተቀመጠችም።

«ታዲያ እርስዎ ይወዷቸዋል?» አለች።

«አባቴ ነው» አሉ አናጺው። «እወደዋለሁ። ያንን ቀን ግን አልወድለትም።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና አመስግና ተቀመጠች። ሌሎች እጃቸውን አወጡ፤ ጥያቄው በዛ፤ ደወሉ እስኪደወል ድረስ አልለቀቋቸውም። ስንወጣ መምህር ርእሰ መምህሩን ይዘው ድምፅ ማጉያው ይንጫጫል፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም እያሉ ወቀሷቸው። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ባጃጅ ያዝን። አናጺው ከሹፌሩ አጠገብ፣ እኔና መምህር ከኋላ ተቀመጥን፤ ወደ ገበያው ወረድን።